ለሽያጭ የቀረበው የግሽ ዓባዩ ጂ ፕላስ 2፦ ከላይ ጤነኛ፣ ከሥሩ ውኃ

ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የቆመው ይህ ነባር ሕንፃ በየወለሉ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 6 መኖሪያ አለው። ኮለኑና ሶሌታው (የኮንክሪት ምሰሶውና በወለሎቹ መካከል ያለው ኮንክሪት) ደህና ነው፤ ቆርቆሮው አያፈስም። ክፍሎቹ ሰፊና ነፋሻ ናቸው፤ ለባሕር ዳር ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው ከታች ነው።

ምድር ቤት ስትገቡ ዞኮሎውን፣ ማለትም የግድግዳውን ግርጌ፣ አጎንብሳችሁ እዩ። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍር ሲጫር ልስኑ እንደ ዱቄት ይራገፋል፤ ከሥሩ ነጭ ጨው ይታያል። ከመሬት እየተሳበ የሚወጣ እርጥበት ነው፤ ቀለም ቢደራረብበት በክረምት ተመልሶ ይላጣል።

በጓሮው ማዕዘን ደግሞ ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አለ። የአሸንዳው መውረጃ እዚያው ጋ ተሰብሮ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ መሠረቱ ላይ ይደፋል። ጥቁር አፈር ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ሲርስ ግድግዳው ይቀደዳል። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። መጀመሪያ መውረጃው ተቀይሮ ውኃው እስከ መንገዱ ቦይ በቱቦ ይውጣ፤ ልስን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የምጣዱ ሶኬት ጠርዙ ጠቁሮ ቀልጧል። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ረጅም ሰዓት ሲጋገር የላላ ሶኬት ይግላል። ከብሬከሩ ለብቻው የተሳበ ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦ ያስፈልጋል፣ ለስድስቱም ቤት። ቆጣሪው አንድ ብቻ ስለሆነ በየወሩ ተከራይ ከተከራይ መጨቃጨቁ አይቀርም፤ የየራሳቸው ይጠየቅላቸው።

ሴፕቲክ ታንኩን በጋ ላይ አይታችሁ አትወስኑ። ሐይቁ ቅርብ ነውና የከርሰ ምድር ውኃው በክረምት ከፍ ይላል። ነሐሴ ላይ አስመጥጡትና፣ ሌሊቱን ምንም ሳይለቀቅበት፣ በማግስቱ ክዳኑን ክፈቱ። ውኃ ካገኛችሁ ታንኩ ከውጭ ያስገባል፤ በየጊዜው ማስመጠጡ ኪራዩን ይበላዋል። መምጠጫ መኪናው በቅያሱ መግባት መቻሉንም ለኩ።

ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ ይጣራ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ማዋዋል በሚችል አካል ፊት ይደረግ፤ በመንደር ውል ቀብድ አትስጡ። የመሠረቱ፣ የታንኩና የሽቦው ወጪ ከዋጋው ላይ ከተቀነሰ እንመክረዋለን፤ በተጠየቀው ዋጋ ግን አይገዛም።