8×42 ባይኖኩላር በሰሜን ሸዋ መንገድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አንኮበር፣ ጣርማበርና መንዝ ጓሳ ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «8 ይሻላል ወይስ 10?» ብሎ ነው፤ 8×42 ሲባል 8 የማጉያው መጠን፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። መልሳችን 8 ነው። አንደኛው ምክንያት ነፋሱ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማጉያው በጨመረ ቁጥር መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ሁለተኛው ብርሃን ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። በ10×42 ግን 4.2 ብቻ ነው። አንኮበር ላይ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ አፋፉን ሳይሸፍን፣ በማለዳ ማየት ስለሚያስፈልግ ይህቺ ልዩነት ትልቅ ናት።

አንኮበር ሰሪን የምትባለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ወፍ ለሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ አፈር የመሰለች፣ ጥቁር ሰረዝ የበዛባት፣ በመንጋ ሆና መሬት ላይ ዘር የምትለቅም ናት። የእኛው ባይኖኩላር በ1000 ሜትር ላይ 130 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ በ20 ሜትር ሲሰላ 2.6 ሜትር ነው። መንጋው ብር ብሎ ሲነሳ ከዓይን ሳይጠፋ መከተል የሚቻለው በዚህ ስፋት ነው። አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሳም ከአፋፉ በታች ሲንሳፈፍ ጀርባውን ከላይ ማየት ይቻላል፤ ይህ ብቻውን መንገዱን ያስመኛል።

ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ 300 ሜትር ላይ ብትታይ በ8 ማጉያ 37 ሜትር ያህል ቀርባ የቆመች ያህል ነው። የአይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን አቅንታ ስታደባ በደንብ ይለያል። ስለዚህ ከመንገድ ወጥቶ መጠጋት አያስፈልግም፤ አደኗን ማበላሸት ነው።

የሁለቱን ዓይን ልክ ማስተካከል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ «ብዥ ይላል» ብሎ ዕቃውን ይወቅሳል። የቀኙን ሌንስ ከፊት ሸፍኖ በግራ ዓይን ብቻ ራቅ ያለ የመንገድ ምልክት ላይ ጽሑፉ እስኪጠራ መሃለኛውን የማጥሪያ ጎማ ማዞር። ከዚያ ግራውን ሸፍኖ፣ መሃለኛውን ሳይነኩ፣ ከቀኙ ዓይን ማያ ሥር ያለችውን ቀለበት ብቻ ማዞር። የእኛው ላይ ይህቺ ቀለበት እየላላች በመንገዱ ንቅናቄ ትዞራለች። ልኳ ላይ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር ማስመር ጠቅሞናል፤ ስትሸሽ ወዲያው ይታወቃል።

ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። በጥርጊያ መንገድ ላይ እንደ ዱቄት ልሞ የሚነሳው አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ ሲጠረግ የሌንሱን ሽፋን ይቧጭራል፣ ጭረቱም አይለቅም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር። የዓይን ማያው ጎማ እጥፋት ውስጥም አቧራ ይከማቻል፤ ከጊዜ በኋላ ሲወጣና ሲገባ ይከረክራል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ያድራል። መኪና ውስጥ ቀዝቅዞ ያደረ ባይኖኩላር ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ቀስ ብሎ ቢሞቅ ይሻላል። በጨርቅ የማይጠረግ ጭጋግ ካለ ግን እርጥበቱ ውስጥ ገብቷል፣ ማሸጊያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ ስለሆነ ተራ ሰዓት ሠሪ እንዲከፍተው አይሰጥም።

ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው፤ አብሮት የመጣው የአንገት ማንገቻ በዳገት ያሳምማል። በሁለቱ ትከሻ የሚታሰረውን መግዛት ይበጃል። ኬላ ሲቃረብ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ወደ ካምፕም ሆነ ወደ ታጠቀ ሰው አይዞር።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው በሁለት ዓይኑ የሩቅ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ይመልከት፣ ከዚያ ባይኖኩላሩን ቀስ እያለ ከፊቱ ያርቀው። ጠርዙ በሁለቱ ክብ ውስጥ እኩል ካልሆነ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ወድቆ ፕሪዝሙ (ውስጥ ያለው ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ተናግቷል። ለአፍታ ሲያዩበት ደህና ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲያዩበት ራስ ያዞራል። ዋጋው ቢወርድም አይግዙት።