ሰሜን ተራሮች፦ በመኪና ደርሶ መልስ ወይስ በእግር ሦስት ሌሊት?

ከጎንደር ማለዳ ተነስቶ፣ ጨነቅ በተባለው የድንኳን ሰፈር ዋልያ አይቶ፣ ማታ ጎንደር መግባት ይቻላል። ብዙ ሰው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኘው እንዲህ ነው፤ ትርፉ ግን አቧራና ራስ ምታት ነው። ጎንደር ያለችው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። ሰውነት ይህን በግማሽ ቀን አይለምደውም።

ሳንቃበርና ግጭ በተባሉት የድንኳን ሰፈሮች አልፎ ጨነቅ የሚደርሰው የእግር መንገድ ግን ለከፍታ ተብሎ በልክ የተሰፋ ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅም ከግጭ እምብዛም አይበልጥም። ቀን ላይ እሜት ጎጎን (3,926 ሜትር) እና እናትዬን (4,070 ሜትር) ወጥቶ፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ነው። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መውረድ እንጂ ሻይ ጠጥቶ መተኛት መፍትሔ አይሆንም።

የጉዞው መሳካት በአብዛኛው የሚወሰነው የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ላይ ነው። የመግቢያ ክፍያ፣ አስጎብኚ፣ የታጠቀ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ)፣ በቅሎና ባለበቅሎ ሁሉም የሚጠናቀቁት እዚያ ነው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ የሰማችሁትን ትታችሁ የዕለቱን ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። የክልሉ ጸጥታ እንደየጊዜው ስለሚለያይም መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። የስካውቱንና የባለበቅሎውን ምግብ ማን እንደሚችል እዚያው ካልተነጋገራችሁ ግጭ ላይ መኮራረፍ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ጎብኚ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ከስካውቱ ጋር በምልክት ሲግባባ፣ እናንተ «ጋሼ» ብላችሁ ስለ ገደሉ፣ ስለ ዋልያውና ስለ ከብቱ ግጦሽ ስትጠይቁ ከአስጎብኚው የማይሰማ ታገኛላችሁ።

ጭነቱ ሲጫን ቁሙና እዩ። ሁለቱ ጎን ካልተመጣጠነ ቁልቁለት ላይ ያጋድላል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይገጠባል። የገጠበች በቅሎ ካያችሁ ትቀየርልን በሉ፤ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ከምትቀር ደባርቅ ላይ መከራከሩ ይሻላል።

ስንቃችሁን ከደባርቅ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ የረባ ሱቅ የለም። በሶና ቆሎ እሳት አይፈልጉም፣ ለጾመኛም ይሆናሉ። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሽሮ ይሻላል። የላምባ ምድጃ ያዙ፣ እንጨት ግን አትግዙ። ሰፈር ድረስ ተሸክመው የሚያመጡት እንጨት አብዛኛው አስታ ነው፤ አስታ ደግሞ በዚያ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ደረቁ ወራት ላይ እሳት ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳው ቃጠሎ አሳይቷል፤ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው።

ጭላዳ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ሲበላ ጥቂት ሜትር ድረስ ያስጠጋል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ግን ማስጠንቀቂያ ነውና ወደ ኋላ በሉ። ዳቦ መወርወር ክልክል ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ሣሩን ትቶ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል። ጨነቅ ላይ ሌባው ሌላ ነው፦ ማጅራቱ ነጭ፣ መንቆሩ ወፍራም ቁራ። ክዳን የሌለው ድስት አይተርፈውም።

ዋልያ በማለዳና አመሻሽ ላይ በጨነቅ ዙሪያ፣ በቧሂት በኩል ይታያል። አይቶ ማለፍ እንጂ ማሳደድ አያስፈልግም፤ በጩኸት የሸሸ ዋልያ ገደሉን ተከትሎ ከዓይን ይሰወራል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ዋናዎቹ ምክንያቶች ግጦሽ፣ እርሻና የዋልያው መመናመን ነበሩ። ከዝርዝሩ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ አካባቢ ተዛውረዋል። ዛሬ ጓሳ ሣሩና ረጃጅሙ የጅብራ ተክል መካከል ድንኳን የሚተክል ጎብኚ፣ ያ ጸጥታ የሰው ቀዬ የተከፈለበት መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ወቅትን በተመለከተ መስከረም መጨረሻና ጥቅምትን የሚያህል የለም፤ አበባው አላረገፈም፣ የጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳልና ጋቢ ብቻውን አይበቃም። መጋቢትና ሚያዝያ ጭጋጋማ አቧራ ገደሉን ይጋርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባይሄዱ ይመረጣል።

ራስ ዳሽን ለሚያምራችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ጨምሩ። ከጨነቅ በ4,200 ሜትር ግድም ያለውን የቧሂት በር አልፎ አምቢቆ ማደር፣ ከዚያ ሌሊት ተነስቶ ጫፉን ረግጦ መመለስ ነው። በዕይታ ከሆነ እሜት ጎጎ ይበልጠዋል፤ ራስ ዳሽን የሚወጣው ለስሙ ነው።

ለመመለስ ደግሞ ከጨነቅ የሚወስዳችሁን መኪና ከደባርቅ ሳትወጡ ቅጠሩ፣ ቀንና ሰዓቱንም ከሾፌሩ ጋር ቁረጡ። ከጃናሞራ የሚመጣ አይሱዙ ይጭነናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ሊውል ይችላል።