አባቴን ለኢንዶስኮፒ ላዘጋጀችው ሲስተር ምስጋና፣ ለዚሁ ምርመራ ለተቀጠራችሁም ጥቆማ

አባቴ የጉሮሮ፣ የጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የኢንዶስኮፒ ምርመራ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) በተደረገላቸው ዕለት፣ ከምርመራው በፊት የሚሰጡትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እየጠየቀች፣ እያስረዳችና እየተከታተለች ለሰጠቻቸው ሲስተር ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች እዚህ አላሰፈርኩትም፤ የምትሠራበትን ክፍል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን በግል መልእክት ቢጠይቀኝ በደስታ እጠቁመዋለሁ።

ብዙዎቻችን ስለ ኢንዶስኮፒ ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው ቱቦውን በሚያስገባው ሐኪም ላይ ነው። ሐኪሙ አጥርቶ ማየት የሚችለው ግን ጨጓራው ለመታየት ሲዘጋጅ ነው። የጨጓራ ግድግዳ በንፍጥ መሰል ፈሳሽ የተሸፈነ ሲሆን፣ በላዩም እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር ይጠራቀማል፤ ገና በመጀመር ላይ ያለ ትንሽ የሕመም ምልክት በዚያ ሥር ተሸፍኖ ሊታለፍ ይችላል። አባቴ ከዚህ ቀደም በሌላ ተቋም በተመረመሩበት ጊዜ ያለዚህ ዝግጅት ስለገቡ፣ ውጤታቸው ላይ «በአረፋ ምክንያት በደንብ አልታየም» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ምርመራው የተደገመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህኛው ክፍል ሲስተሯ አረፋውን የሚያፈርሰውን ሲሜቲኮን የተባለ መድኃኒት በትንሽ ኩባያ ከጥቂት ውኃ ጋር ቀላቅላ አጠጣቻቸውና ሰዓቷን ተመለከተች። መድኃኒቱ እንዲሠራ ከምርመራው በፊት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መወሰድ እንዳለበት ነገረችን። አባቴ ከሌሊት ጀምሮ ጾማቸውን ስለነበሩ «ልጄ፣ አትጠጡ ተብዬ የለም ወይ?» ብለው ጠየቋት። ጠንካራ ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ ለ2 ሰዓት የሚከለከለው በጨጓራ የቀረ ነገር በምርመራው ወቅት ወደ ሳንባ እንዳይገባ መሆኑን፣ ይህች መጠን ግን ለሥራው ተለክታ የተሰጠች ስለሆነች እንደማታሰጋ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አንዳንድ ሕክምና ቤቶች ንፍጡን የሚያቀጥን አሴቲልሲስቴይን የተባለ መድኃኒት አብረው ይሰጣሉ፤ በጃፓንና በኮሪያ ደግሞ ለዚሁ ዓላማ ፕሮኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት ግን በጥያቄዎቿ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት በዝርዝር ከጻፈች በኋላ፣ «አባቴ፣ በዓይንዎ የሚያደርጉት ጠብታስ አለ?» አለቻቸው። አለ፤ አባቴ የግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ታካሚ ናቸው። የዓይን ጠብታን ከመድኃኒት ቆጥሮ ለጨጓራ ሐኪም የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ጥያቄው ግን ትልቅ ቁም ነገር ነበረበት። የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴን ለማርገብ በደም ሥር የሚሰጠው ሃዮሲን፣ በተለምዶ ቡስኮፓን የምንለው፣ የዓይን ውስጥ ግፊትን በድንገት ከፍ የሚያደርግበት የግላኮማ ዓይነት አለ። ልቡ ከመጠን በላይ በፍጥነት ለሚመታበት፣ በፕሮስቴት እብጠት ምክንያት ሽንቱ ለሚቋጠርበት ሰውም አይመከርም። ሲስተሯ የአባቴ ግላኮማ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚገልጽ ማስረጃ እንደሌለን ስታውቅ መርፌውን ሳትቀዳ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄደች፤ ሐኪሙም ያለ ሃዮሲን እንዲሠራ ወሰነ። ምርመራው ያለ አንዳች ችግር ተጠናቀቀ። ለሰማት ሐኪምም ምስጋናዬ የተለየ ነው።

ጉሮሮ የሚያደነዝዘውን የሊዶኬን ስፕሬይ ከመርጨቷ በፊት፣ ጥርሳቸውን ሲያስነቅሉ የተወጉት ማደንዘዣ ተስማምቷቸው እንደነበር ጠየቀች፤ አርቴፊሻል ጥርሳቸውንም አስወለቀች። ከዚያ «ይመራል፤ ቀጥሎ ጉሮሮዎ ያበጠና ምራቅ አልወርድ ያለ ይመስልዎታል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ትንፋሽዎ አይቋረጥም» አለቻቸው። አባቴ ያ ስሜት ሲመጣባቸው ያልደነገጡት ቀድመው ስለሰሙት ይመስለኛል። የሚያረጋጋው ሚዳዞላም የተሰጣቸውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ነበር፤ በዕድሜ የገፋ ሰው በትንሽ መጠን ስለሚደክምና ትንፋሹ ሊዘገይ ስለሚችል ነው። በጣታቸው ላይ የኦክስጅን መጠን የሚለካው መሣሪያ ተሰክቶ፣ በአፍንጫቸው ኦክስጅን እየገባ፣ የሚዳዞላምን ኃይል የሚሽረው መድኃኒት ፍሉማዜኒልም በአጠገቧ ተዘጋጅቶ አይቻለሁ።

ምርመራው ካበቃ በኋላ ሐኪሙ ያለውን ለአባቴ ብቻ ሳይሆን ለእኔም እንዲደግምልኝና በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ያደረገችው እሷ ናት። ሚዳዞላም የወሰደ ሰው ነቅቶ እያወራ እንኳ በኋላ የተነገረውን ላያስታውስ ይችላል። የጉሮሮው ድንዛዜ እስኪለቅ፣ ይህም አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ ምንም እንዳይቀምሱ፣ በመጀመሪያም አንድ ጉንጭ ውኃ ብቻ እንዲሞክሩ፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መኪና እንዳይነዱና ሰነድ ላይ እንዳይፈርሙ አስጠነቀቀችን።

ለዚህ ምርመራ የተቀጠራችሁ ሁሉ፣ የትም ብትሄዱ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠብታውንም፣ የስኳሩንም፣ ደም የሚያቀጥነውንም ጭምር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ለተራ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ የሚወስነውም ሐኪማችሁ ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ጾማችሁ ስለምትሄዱ መጠኑን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ደግሞ የኤች ፓይሎሪን (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራ ውጤት ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ከ2 ሳምንት በፊት እንዲቆሙ ሊታዘዝ ይችላልና፣ ይህንንም በቀጠሮ መያዣው ዕለት አንሱት። ከምርመራው በፊት ምን እንደሚሰጣችሁና ለምን እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ፤ ይህች እህታችን በምትሠራበት ክፍል ግን ጥያቄውን የምትጀምረው እሷ ናት።