የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ልጆች ለምትከታተል ሲስተር ምስጋና

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል የምትኖሩ፣ የሂርሽስፕረንግ (ካካ እንዳይወጣ የሚያግድ የአንጀት በሽታ) ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፦ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምትሠራውን ሲስተር ሳታዩ አትቅሩ። ያለ ፈቃዷ ስሟን አንጽፍም፤ «የአንጀት ልጆችን የምታየው ሲስተር» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ለብዙ ልጆች ባለውለታ ናት።

በሽታው ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይከሰታል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። የትልቁ አንጀት መጨረሻ የነርቭ ሕዋሳት ሳይኖሩት ይፈጠራል፤ ያ ክፍል ስለማይላላ ካካው ከበላዩ ይጠራቀማል። ሐኪሙ የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ ይሰፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሠራል። ችግሩ ቤተሰብ «ወጣለት፣ አለቀ» ብሎ ክትትሉን ሲያቆም ነው። የእሷ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምታስጠነቅቀው ስለ አንጀት ብግነት ነው፤ ሐኪሞቹ ኢንትሮኮላይቲስ ይሉታል። ሆድ ይወጠራል፣ የሚከረፋ ተቅማጥ በግፊት ይወጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ልጁ ይዝላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ዓመታት ይበዛል፤ ከዚያም በኋላ ይመጣል። ተራ ተቅማጥ መስሎ ኦአርኤስ ብቻ ተሰጥቶ ከታደረ ይገድላል። ሲስተር እነዚህን ምልክቶች ስታይ ቀጠሮ አትሰጥም፤ ታክሲ ሳይጠፋ ሪፈር ጽፋ ትልካለች፣ ለተረኛው ሐኪምም ራሷ ደውላ ትናገራለች።

የተጠራቀመውን ካካ ለማውጣት አንጀት ማጠብን የምታስተምረው ወላጁን በገዛ እጁ እያሠራች ነው። ለስላሳ ካቴተር (በፊንጢጣ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ ሲሪንጅ፣ ቫዝሊን፣ ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (ተመጥኖ የተዘጋጀ የጨው ውሃ) እና የሚገባውና የሚወጣው የሚለካበት ሁለት ጆግ ታስቀምጣለች። ቀዶ ሐኪሙ የፈቀደው ርዝመት ላይ ካቴተሩን በፕላስተር ጠምጥማ ምልክት ታደርግበታለች፤ ከዚያ አልፎ አይገባም። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ይገባል፣ ሲሪንጁ ይነቀላል፣ ፈሳሹ በራሱ በካቴተሩ ተመልሶ ይወጣል፤ ጠርቶ እስኪወጣ ይደጋገማል። ጠቅላላው ብዙውን ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ማለት ነው። ስፌቱ ገና አዲስ ከሆነ ግን ቀዶ ሐኪሙ ሳያዝ አይሞከርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈሳሹን እንደ ኢኒማ ካስገባ በኋላ ካቴተሩን መዝዞ በማውጣቱ ነው። የነዚህ ልጆች ፊንጢጣ አይላላምና ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ሆድ ይብሱን ይነፋል። አልወጣ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ካቴተሩን ካካ ደፍኖት ነው፤ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ትንሽ ወደ ውጭ መሳብ እንጂ በጉልበት መግፋት አይደለም። ደም ከታየ ወዲያው ይቆማል። የቧንቧ ውሃ ጨርሶ አይሆንም፤ አንጀቱ ይመጠውና የደሙን ጨው ያዛባል። ሳላይን ከጠፋ ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ይሟሟል፤ በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ልሙጥ ገደማ። እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቀድማችሁ አፍልታችሁ አስቀምጡ።

ልጁ አደግ ሲል ደግሞ የሚያስጨንቀው ካካው ሱሪው ላይ ማምለጡ ነው። እዚህ ላይ ሲስተርን ከልብ እናደንቃታለን፤ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የሆድ ራጅ እንዲነሳ ሐኪሙን ትጠይቃለች። አንዱ ልጅ የሚያመልጠው ደርቆ በተጠራቀመው ካካ ዙሪያ ቀጭኑ ስለሚፈስ ነው፤ የተቅማጥ ማቆሚያ ከተሰጠው ይብስበታል። ሌላው አንጀቱ ስለሚፈጥን ነው፤ እሱን ደግሞ የካካ ማለስለሻ መድኃኒት ያባብስበታል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ድርቀቱ በማለስለሻ አልመለስ ካለ ስፌቱ ጠብቦ ወይም ነርቭ የሌለው ክፍል ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ቀዶ ሐኪሙ ትመልሰዋለች።

ከምግብ በኋላ አንጀት ስለሚነቃ ልጁን ከቁርስና ከእራት በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ እግሩ መሬት ነክቶ ወይም በርጩማ ላይ አርፎ ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መቆጣት የለም። አብዛኞቹ ልጆች እየቆዩ ይቆጣጠራሉ፣ በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ ይሻላቸዋል። ትልቁ አንጀት በሙሉ የተነካባቸውና ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ረዘም ያለ እገዛ ይፈልጋሉ። ሲስተር ለትምህርት ቤትም ደብዳቤ ታጽፋለች፦ ልጁ ሳያስፈቅድ ሽንት ቤት እንዲሄድ፣ ቅያሪ ሱሪ ቦርሳው ውስጥ እንዲኖር።

ሌላ ልጅ የምትወልዱ ከሆነ ለአዋላጇ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ወንድም እህት ላይ የመከሰት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ በ48 ሰዓት ውስጥ ያልወጣ ሕፃን መታየት አለበት።

ወደ ሲስተር ስትሄዱ ከሆስፒታል የተሰጣችሁን የመውጫ ወረቀት ያዙ። የትኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራና ምን ያህል አንጀት እንደወጣ ከዚያ ላይ ነው የምታነበው፤ ወረቀቱ ከጠፋባችሁ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ቅጂ አስወጡ።