የፊት ሾኩ ዘይት ለሚያንጠባጥብ አሮጌ ሞተር፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያገኘሁት ጋራዥ

የአሮጌዋ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተሬ የግራ የፊት ሾክ ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረው ባለፈው ክረምት ከኩታበር በጭቃ ስመለስ ነው። መጀመሪያ በሾኩ የክሮም ቱቦ ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት ብቻ ይታይ ነበር፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን ዘይቱ ቁልቁል እየወረደ እስከ ፍሬኑ ታምቡር ደረሰ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ የፍሬን ሸራው አንዴ ዘይት ከጠጣ በየመታጠፊያው መጨበጫውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ሞተሩ በወጉ አይቆምም።

በመጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኦይል ሲሉን (በቱቦው ዙሪያ ዘይቱን የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) በካቻቢቴ ፈንቅሎ አወጣ፣ አዲሱን በመዶሻ መትቶ አስገባ፣ የጎደለውን ዘይት በሞተር ዘይት ሞልቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸኘኝ። ፍጥነቱ አስደስቶኝ እንደነበር አልደብቅም። በ15 ቀን ውስጥ ግን ያው ሾክ ተመልሶ ያንጠባጥብ ጀመር፤ የሞተር ዘይቱም ስለወፈረ ሾኩ ደርቆ በጠጠር መንገድ ላይ ክንዴን ይመታኝ ነበር።

አሁን የምጽፍለት ሁለተኛው ጋራዥ ሰኞ ገበያ አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረ ትንሽ ግቢ ነው። መካኒኩ ወጣት ነው። «አብሽሩ ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚያስለቅሰው ምን እንደሆነ እንይ» ብሎ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ከአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆረጠ፤ ጫፉን እንደ መንጠቆ አበጅቶ በሲሉ ከንፈርና በቱቦው መካከል አስገብቶ ዙሪያውን አዞረው። ከፊልሙ ጋር ጥቁር አሸዋ ወጣ። እንደነገረኝ ሲሉ ጤነኛ ሆኖ ከሥሩ የገባ አሸዋ ብቻ የሚያስፈስሰው ሾክ ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው በዚሁ ይድናል። የእኔው ግን ሾኩን ሦስት አራት ጊዜ ተጭነን ስንለቀው እንደገና ረጠበ።

ሾኩ ከተፈታ በኋላ መካኒኩ የክሮሙን ቱቦ በቤንዚን አጥቦ የአውራ ጣቱን ጥፍር አስደግፎ ከላይ እስከ ታች ጎተተው፤ መሃል ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ያዘ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ነበረች። ጠጠር መትቷት ክሮሙ ተነሥቷል፣ ዳሩ ዝጎ ተስሏል፤ ሾኩ በወረደና በወጣ ቁጥር አዲሱን ሲል እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ይህ ስለት ነበር። በ1000፣ ቀጥሎም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያረጠበ ጥፍር እስከማይዝ ድረስ አለሰለሰው። ጉድጓዷ ጠልቃ ቢሆን ኖሮ ቱቦውን ከመቀየር ሌላ መላ እንደሌለ አስቀድሞ ነግሮኛል።

ሲል የገዛሁት ራሴ ነኝ። በአሮጌው ሲል ላይ የታተሙት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ቁመቱን ስለሚገልጹ፣ የሞተሩን ስም ለመለዋወጫ ሻጭ ከመንገር እነሱን ጽፎ መሄድ ይሻላል። መካኒኩ ቱቦው ጫፍ ላይ ዘይት የተቀባ ፌስታል አልብሶ ሲሉን በዚያ ላይ አንሸራተተው፤ የቱቦው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይጭረው ነው። ቀጭኗ ሞላ ያለችበት ጎን ወደ ዘይቱ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ መሆኑን አይቶ፣ በልኩ በተቆረጠ የውሃ ቧንቧ እየመታ በእኩል አስገባው። ከግራው ሾክ የወጣው ዘይት ከቀኙ ግማሽ አይሞላም ነበር። ስለዚህ የሁለቱንም ሲል ቀይሮ፣ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት በትልቅ የመድኃኒት መርፌ እየለካ ለግራና ለቀኝ እኩል ሞላ። ከታች ያለውን ቡሎን ሲያስር የመዳብ ሮንዴላውንም በአዲስ ለወጠ።

ቅሬታዬም አለ። ለቀትር የተባልኩት በማግስቱ አመሻሽ ላይ ተጠናቀቀ። ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ ሊመልሰው ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ቁልቁለት አዲስ ሸራ መግዛት ግድ ነበር፣ ሾኩን ያን ያህል ተጠንቅቆ የሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። የአቧራ መከላከያ ላስቲኩም ስላልተገኘ አሮጌው ተመለሰ፤ እኔ በኋላ ከከመነዳሪ ቆርጬ ሽፋን አበጀሁለት። ደረሰኝ አይሰጥም። የእጅ ዋጋው 900 ብር ሲሆን ከመጀመሪያው ጋራዥ በእጥፍ ይበልጣል፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ነበር ውዱ።

ከተሠራ ሁለት ወር አልፎታል። ኮምቦልቻ በደረስኩ ቁጥር ክሮሙን በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ እስካሁን ከአቧራ በቀር የነካው የለም። መሄድ የሚፈልግ ሰው ሰኞን ቢተው ይሻላል፤ በገበያው ግርግር ሞተር እስከ ግቢው መግፋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።