ባትሪዬን ቆሎ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፦ ከዲለር ወጥቼ ሐበሻ ጋራዥ ከገባሁ 14 ወር

መኪናዬ ውስጥ፣ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ባለችው መሳቢያ፣ አንዲት አፏ የታሰረ ፌስታል አለች። ውስጧ አቧራ፣ የተድቦለቦለ ፀጉር፣ ከነጠላ የረገፈ ክርና አሥራ ምናምን ፍሬ የገብስ ቆሎ አለ። ባለቤቴ መኪና ባጸዳች ቁጥር ልትጥላት ትነሳለች፤ እኔ አላስጥልም። ማስረጃዬ ናት።

መኪናዋ የ2019 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሠራ) ናት፣ ኤስኢ የሚሉት ዓይነት። ከዜሮ ገዝቻት ከቤተሰብ አልፋ ማታ ማታና ቅዳሜ የኡበር እንጀራ ታበላናለች። ቶዮታ ለአዲስ ገዢ 2 ዓመት ወይም 25,000 ማይል ድረስ ሰርቪስ በነፃ ያደርጋል፤ ዲለር (ቶዮታ የሚሸጠውና የሚጠግነው ቤት) የለመድኩት በዚሁ ነው። ነፃው ሲያልቅም አልወጣሁም። ለምን? ፈርቼ። «ውጭ ካሠራህ ዋራንቲህ (የአምራቹ ዋስትና) ይሰረዛል» የሚባለውን ወሬ ከአውሮፕላን ማረፊያ የኡበር መጠበቂያ ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ያልነገረኝ ሰው የለም። የዲለሩ ሰውዬም በግልጽ አይለውም እንጂ «እኛ ጋ መዝገብህ የተሟላ ነው» ሲል ዓይኑን ከበድ ያደርገዋል።

ይሄ ወሬ ውሸት ነው። ማግኑሰን–ሞስ የሚባል የ1975 የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አለ፤ አምራቹ ሥራውን በነፃ ካልሠራልህ በስተቀር «ዋራንቲ የምሰጥህ እኔው ጋ ሰርቪስ ካደረግህ ብቻ ነው» ሊልህ አይችልም። ካንተ የሚጠበቀው በጊዜው ማሠራትና ደረሰኝ መያዝ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አምስት ዓመት ሙሉ የፍርሃት ግብር ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ወደ ፌስታሏ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት ጁላይ ውስጥ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ሳምንት፣ ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ጭኜ ስመለስ ከኋላ ወንበር በኩል እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮህ ድምፅ መጣ። ተሳፋሪዬ «ኤሲው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው? 495 አውራ ጎዳና ላይ እንደገባሁ የሃይብሪድ ባትሪው ማቀዝቀዣ ጥገና ይፈልጋል የሚል ጽሑፍ ፊቴ በራ። በዚያ ሰሞን ነዳጅም አልበረክት ብሎኝ ነበር። ይህች መኪና በመንግሥት መለኪያ በጋሎን 46 ማይል የምትሄድ ናት፤ እኔ 44 ገደማ አገኝባት ነበር፤ ወደ 37 ወርዳ ኤሲውን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ዲለር ሄድኩ። መመርመሪያ ብቻ 195 ዶላር። ለሦስት ሰዓት ያህል ነፃ ቡናቸውን ጠጣሁ (ቡና ካሉት ይሁን)። ከዚያ ሰርቪስ አድቫይዘሩ (ደንበኛ የሚያነጋግረው ሰውዬ) ታብሌቱን ታቅፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ቆሞ ሲያወራ የኖረ ሰው አጠገብህ ሲቀመጥ ዋጋው ከበድ ያለ ነው ማለት ነው። ባትሪው ከልክ በላይ እንደሚሞቅ ኮምፒውተሩ መዝግቧል፤ መኪናዋ 118,000 ማይል ሄዳለች፤ የዚያ ዘመን የሃይብሪድ ባትሪ ዋራንቲ ደግሞ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ ስለዚህ አልፎሃል፤ «በዚህ ዕድሜ መቀየሩ ነው የሚሻለው»። ከነእጅ ዋጋው 5,400 ዶላር። ዛሬ ከፈረምክ 10 በመቶ እንቀንሳለን።

አልፈረምኩም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ገንዘቡ ስላልነበረኝ ነው።

ሰኞ ዕለት አንድ የኡበር ጓደኛዬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ሐበሻ ጋራዥ ጠቆመኝ። ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ፣ በሩ ላይ ጽሑፉ የለቀቀ፣ ግድግዳው ላይ የዛሬ ሦስት ዓመቱ ባለ 13 ወር ካላንደር የተሰቀለበት ቤት ነው። ባለቤቱ ስድሳን የዘለሉ፣ ተግባረ እድ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖረውም ቋንቋቸው አልተቀየረም፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን። እዚህ የተወለደው ልጄ ስፓኒሽ የሚያወሩ መስሎት ነበር።

ኮፈኑን ልከፍትላቸው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። የኋላውን በር ከፍተው ወንበሩ ሥር ጎንበስ አሉ። «ይሄ ባትሪ የሚተነፍሰው ከዚህ ነው። አንተ የምትተነፍሰውን አየር እሱም ይስባል። አፍንጫው ከተደፈነ ምን ያድርግ?» አሉና ሽፋኑን ፈልቅቀው አወጡት። ከጀርባው ያለችው ማጣሪያ ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሳለች። ቆሎው ከሽፋኑ ጀርባ ተደርድሮ ተቀምጧል። ጋሼ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንስተው ብርሃን ላይ አዩአትና፦

«አንተ ልጅ፣ ባትሪህን ታጎርሰዋለህ እንዴ?»

ወንበሩን አንስተው ቬንትሌተሩን በብሩሽና በአቧራ መሳቢያ አጸዱት። አንድ ሰዓት አልሞላም። «ስንት ልክፈል?» ስል «60 ዶላር ስጠኝ፤ ቆሎውን ግን ራስህ ጣለው» አሉኝ። ጽሑፉ ጠፋ፤ ያ የፀጉር ማድረቂያ ድምፅም አብሮት። ነዳጁ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 44 ተመለሰ። ባትሪው ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ለማዳን ብሎ ሥራውን ይቀንስበታል፣ ሸክሙ ወደ ቤንዚን ሞተሩ ይዞራል፤ ነዳጄን የበላችው ያቺ ማጣሪያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ 25,000 ማይል ነድቻለሁ፣ ባትሪው ያው 5,400 ዶላር ያስፈልገዋል የተባለው ባትሪ ነው።

አሁን አድቫይዘሩ ፊቴ ቢቀመጥ የምጠይቀውን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። በየሰርቪሱ አረንጓዴ ምልክት የተደረደረበት የምርመራ ወረቀት ትሰጡኝ ነበር። «ሃይብሪድ ሲስተም» ከሚለው አጠገብ ሁሌም አረንጓዴ። ማን አየው? መቼ? በምን? የኤሲ ፊልትሮማ ሁለት ጊዜ ቀይራችሁልኛል፣ በ79 ዶላር፤ ሱቅ ሄጄ በሃያ ዶላር ገዝቼ በአምስት ደቂቃ ራሴ የምከተውን። እሱን የቀየረ ሰው አንድ ሜትር ወደ ኋላ ዞር ቢል ያቺን ማጣሪያ ያያት ነበር። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ያንን ቀዳዳ ጠብቁ፣ አጽዱ ይላል!

«ጌታዬ፣ ያ ከሰርቪስ ፓኬጁ ውጭ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ባትሪ መቀየሩ ፓኬጁ ውስጥ ነበር እንዴ?

ዲለር ውስጥ የሠራ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነገሩን አብራራልኝ። እዚያ ያለ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት ሳይሆን በሥራው ልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥገና መጽሐፉ የቆረጠለት ሰዓት አለ። ነፃ ምርመራ የሚያስገኝለት ጥቂት ነው፣ ወይም ምንም። ስለዚህ እያየ ሳይሆን እየሮጠ ነው ምልክት የሚያደርገው። አድቫይዘሩ ደግሞ ከሸጠው ላይ ኮሚሽን አለው። ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው ዓይናቸውን ከወንበር ሥር ያነሣው።

አባቴ አዲስ አበባ ቮልስዋገን ነበረው። ዕቃውን ራሱ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ፣ መካኒኩ ራስጌ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ብሎን እየቆጠረ ነበር የሚያሠራው። ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር፤ ሰው አያምንም እል ነበር። ዲለር ውስጥ «ደንበኛ ከዚህ ማለፍ አይችልም» የሚል ማስታወቂያ አለ፣ በኢንሹራንስ ምክንያት። ጋሼ ጋ ግን የእጅ ባትሪ ይዤላቸው መኪናው ሥር አብሬ አጎነብሳለሁ። የማላውቀውን አሁንም አላውቀውም፣ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ቆሎ ያንጠባጥባሉ። ከስካይላይን ገበያ ስመለስ የእንጀራውን ፌስታል የማስደግፈው በትክክል ያ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ሞቅ እንዳለ ይቆያል ብዬ። መመሪያውን ከፍቼ አላነበብኩም። ያም ሆኖ 195 ዶላር የተቀበለኝ ሰው አንብቦልኝ መሆን ነበረበት።

ጋሼስ እንከን የለባቸውም? ስልክ አያነሱም። «ቅዳሜ ና» ብለውኝ ቅዳሜ ስሄድ ለቅሶ ሄደው ጋራዡ ተቆልፎ ጠብቆኛል። የፊት የፍሬን ሸራ ለመቀየር ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ ምትክ መኪና የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ቀን ኡበር አልሠራሁም ማለት ነው፣ ይህን ስደምረው ፍሬኑ ከዲለር ዋጋ ብዙም አልራቀም። ደረሰኛቸው በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሰባቱን ከአንዱ መለየት ጥበብ ይጠይቃል። ስሸጣት የገዢው ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ታሪክ እንዳይጎድልብኝ ራሴ ደብተር ገዝቼ ቀንና ማይል እጽፋለሁ። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ኢንስፔክሽንም (ያው የኛ ቦሎ በሉት) እሳቸው ጋ ስለማይሠራ ሌላ ቦታ 20 ዶላር ከፍዬ አስለጥፋለሁ። ዘይት አምስት ጊዜ ቀይረዋል፣ ስለሱ የሚወራ የለም። በየ5,000 ነው የሚቀይሩት። መጽሐፉ 10,000 ይላል ብዬ ስከራከር «ያ ለአስተማሪ መኪና ነው፣ አንተ ታክሲ ነህ» አሉኝ። መጽሐፉን ሳየው ለታክሲ ሥራ የተለየ ምክር አለው። ዲለሩም 5,000 ይለኝ ነበር፤ በዚህች እሱም ትክክል ነበር፣ ልክድ አልችልም።

ባለፈው ወር የሪኮል ደብዳቤ (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበት) መጣልኝ። ሪኮል የሚሠራው ዲለር ብቻ ነው፣ በነፃ ነው፣ ቀልድም የለውም፤ ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው የመኪናውን መለያ፣ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን ቪን ቁጥር፣ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ይችላል። ስለዚህ ከ14 ወር በኋላ ወደዚያው ቤት ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ግን ከኋላ ወንበር ሥር ገብቼ በዚያች ሽፋን ጠርዝ ላይ፣ ከተነሣች እንድትቀደድ አድርጌ፣ ቀጭን ፕላስተር ለጠፍኩባት።

ሪኮሉን በደንብ ሠሩልኝ፣ በሁለት ሰዓት፣ መኪናዋንም አጥበው ሰጡኝ። አመስግኛለሁ። ከቁልፉ ጋር የምርመራ ወረቀቱን ሰጡኝ፤ «ሃይብሪድ ሲስተም» አረንጓዴ ነው። ከግቢያቸው ሳልወጣ መኪናዋን ጥግ አቆምኩና የኋላውን በር ከፍቼ ጎንበስ አልኩ።

ፕላስተሯ እንደለጠፍኳት አለች።