ያማሃ ኤጂ 200፦ ለገበሬ የተሠራች፣ ለዳገት የምትመች ሞተር

ስለዚች ሞተር ሲጠይቁኝ ፍጥነቷን አልናገርም። ብትወድቅ ብቻዬን አነሳታለሁ፤ የምለው ይሄን ነው። የከብት መንገድ ላይ መዞሪያ ካጣሁ ወርጄ፣ የኋላ መጫኛዋን ይዤ እየጎተትኩ አዞራታለሁ። ቁመቴ አጭር ነው፣ ጉልበቴም የተለየ አይደለም። ብቻዋን ከአዲስ አበባ ለምትወጣ ሴት ከፈረስ ጉልበቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የተዋወቅነው ወረዳ ላይ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ቢሮው የሰጠኝ ሞተር ኤጂ ነበረች። የክትባት ሳጥን ከኋላዋ አስሬ ከቀበሌ ቀበሌ ዞሬባታለሁ። አሁን ቀበና ነው የምኖረው፤ ሥራዬም ላብራቶሪ ውስጥ ሆኗል። ያገለገለች ኤጂ ፈልጌ የገዛሁት ለቅዳሜና እሁድ ነው።

196 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ አምስት ማርሽ ናት። ያማሃ ኤጂን የሠራው አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ከብትና በግ ለሚያረቡ ገበሬዎች ነው፤ ይህም በየዕቃዋ ላይ ይታያል። ማቆሚያ እግሯ በግራም በቀኝም አለ። ተዳፋት ላይ ስትቆሙ ጥቅሙ ይገባችኋል። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን) ጨብጦ የሚይዝ መቆለፊያም አላት። ማርሽ ውስጥ እንዳለች ወርዶ የግጦሽ አጥር በር ለመክፈት የታሰበ ነው። ከሁሉ የምወደው ግን የካቴናዋን ሽፋን ነው። ካቴናው ሙሉ ለሙሉ ስለተሸፈነ አቧራና ጭቃ ቶሎ አይበላውም። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይሄ ብዙ ብር ያድናል።

ስለ ጉልበቷ እውነቱን ልናገር። አራት ኪሎ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራቶር ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ሞተሩ ይታፈናል፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። ጎበዝ መካኒክ ለደጋ ሲያስተካክለውና ሚኒሞውን (ቆማ የምትሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) ሲያስይዘው ሌላ ሞተር ነው የምትሆነው። እንዲያም ሆኖ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ሁለተኛ ማርሽ ነው፣ በዝግታ። እኔን ዝግታው ደስ ይለኛል። የባሕር ዛፉ ሽታ የሚደርሰኝ በዚያ ፍጥነት ነው።

የምወደው መንገድ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በሱሉልታ አድርጎ ጫንጮ፣ ከዚያ ወደ ደርባ የሚወስደው ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውዬ ሳላጣራ አልወጣም። አስፋልቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሜዳውን የሚያቋርጡት የከብት መንገዶች ይሻሉኛል። መስከረም ላይ ግራና ቀኙ አደይ አበባ ነው። ዝናቡ በደንብ ካላባራ ግን የዋልካው ጭቃ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ያስቸግራል። ያኔ የቀላል ሞተር ጥቅም ይታያል። ከባዷ ስትሰምጥ እኔ ወርጄ፣ በአንደኛ ማርሽ እያስኬድኩ አብሬያት እራመዳለሁ።

የሙገር ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳዎች አሉ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ ስል ሣር መንጨታቸውን አላቆሙም። መንደር ውስጥ ደግሞ ኤጂን የማያውቅ የለም። አንድ አባት አስቁመውኝ «ልጄ፣ ለክትባት ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ለመዝናናት ነው ብላቸውም ጡቷ ያበጠ ላም አሳዩኝ። አየሁላቸው፣ የሚደረገውን ነገርኳቸው፣ እርጎ ጠጥቼ ሄድኩ። በትልቅና በሚያብለጨልጭ ሞተር ብመጣ እንዲህ የሚያስቆመኝ ሰው የማገኝ አይመስለኝም።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ፍሬኗ የፊቱም የኋላውም የከበሮ ዓይነት ነው። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ አይዝም፤ ፍሬኑን ትንሽ ጫን እያላችሁ ንዱ። አስፋልት ላይ ከ80 በላይ ስትጠየቅ ትጨነቃለች። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከኋላ ሲመጣ ጥግ ይዤ አሳልፈዋለሁ። የፊት መብራቷ ደካማ ስለሆነ ሳይመሽ ከተማ እገባለሁ። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ይፈልግ። በቤንዚን ግን አታስመርርም፤ የእኔዋ በአንድ ሊትር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች።

መግዛት የምታስቡ፣ የአዲስ አበባ ከተማ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተር ላይ ገደብ ስለጣለ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያገለገሉት ኤጂዎች ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤትና ከድርጅት በጨረታ የወጡ ናቸው፤ ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባለበት ራሳችሁ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል፣ ተዉት። የካቴናውን ሽፋን አስፈትታችሁ ውስጡን እዩ፤ ተሸፍኗል ተብሎ ለዓመታት ዘይት ሳይቀባ የከረመ ብዙ ነው። በሞተሪኖ (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ) ብትነሳም በእግር አስነስታችሁ ሞክሩ፤ ባትሪ ገጠር ላይ ሲደክም የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካንዴላና ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገዝታችሁ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡ።